ሊጡ ሳይኮመጥጥ፣ ጸሎቱ ሳይታጎል፦ ሁለት እምነት ያለበትን የሥራ ቤት በጸሎት ሰዓት ማደራጀት

ታኅሣሥ 19 ቀን 2011 ዓርብ ዋለ። ቁልቢ ገብርኤልና ጁምዓ በአንድ ቀን መዋላቸውን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ያላሰብነው፣ አንድ ላይ ሲውሉ ዳቦ ቤቱ ውስጥ ማን እንደሚቀር ነው። ኦርቶዶክሱ ሠራተኛዬ ስለት ነበረበትና በዋዜማው ቁልቢ ወጣ። ሙስሊሞቹ እንደ ወትሮው ከስድስት ሰዓት በፊት ተጣጥበው ወደ መስጊድ ሄዱ። እኔ ከግማሽ ኩንታል ሊጥና ከጋለ ምድጃ ጋር ብቻዬን ቀረሁ።

በድሬዳዋ ሙቀት ሊጥ ኩፍ ለማለት ልመና አይፈልግም። ከማቡኪያው ጠርዝ አልፎ ሲወርድ በአንድ እጄ እየሰበሰብኩ፣ በሌላው ትሪ እየጎተትኩ፣ ዕለቱ ቅዱስ ገብርኤል ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶን እሳት ያወጣበት መታሰቢያ መሆኑ ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ። እኔን ግን የሚያወጣኝ አልመጣም። የዚያን ቀን ዳቦ ግማሹ ኮመጠጠ፣ ግማሹ አረረ፣ የተረፈውን ለጎረቤት ፍየሎች ሰጠን።

ጥፋቱ የሠራተኞቼ አልነበረም፤ የእኔ ነበር። እስከዚያ ድረስ ጸሎትን የማየው ከሥራ ሰዓት ላይ ተቆርሶ እንደሚሄድ ነገር ነበር፤ አንዱ “ልሰግድ ነው” ሲል እሺ እላለሁ፣ ሌላው “ቅዳሴ አለኝ” ሲል እሺ እላለሁ፣ የተረፈችዋን ሰዓት ሥራ ብለን እንጠራታለን። ከዚያ ዓርብ በኋላ ነገሩን ገለበጥኩት፤ መጀመሪያ የጸሎቱን ሰዓት ወረቀት ላይ አሰፈርኩ፣ ከዚያ ሊጡን በመካከሉ አስገባሁ። የሚከተለው የዚህ አሠራር ዝርዝር ነው። የተሞከረው ሰባት ሰው በሚሠራበት አንድ ዳቦ ቤት ውስጥ፣ ከቀፊራ ገበያ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። ልብስ ስፌት፣ ጋራዥ ወይም ምግብ ቤት ያለው ሰው ሊጡን በራሱ ሥራ ይተካ።

ጠይቁ፤ ይሉኝታን ግን ሁለት ጊዜ ጠይቁት

በስም አትገምቱ። ስሙ መሐመድ የሆነ ሁሉ አምስት ወቅት ይሰግዳል፣ ማተብ ያሰረች ሁሉ ውዳሴ ማርያም ትደግማለች ማለት አይደለም። እያንዳንዱን ሠራተኛ ለብቻው፣ ሌላው በማይሰማበት ቦታ፣ እንዲህ ጠይቁት፦ በሥራ ሰዓት ውስጥ የሚደርስብህ የትኛው ጸሎት ነው? ከእነዚህ ውስጥ ትንሽ ቢዘገይ የማይጎዳህ የትኛው ነው? በዓመት ውስጥ በምንም ምክንያት የማትቀርበት ቀን አለህ?

ለብቻ መጠየቁ አስፈላጊ ነው። በሰው ፊት ሲጠየቅ የማይሰግደው “እሰግዳለሁ” ይላል፤ ከዚያ በኋላ ያቺን ውሸት ለመጠበቅ በየቀኑ ጓዳ ገብቶ ይቆማል። ሰውን እንዲህ ያለ ማስመሰል ውስጥ መክተት ኃጢአት ይመስለኛል።

ሁለተኛው እንቅፋት ይሉኝታ ነው። አዲስ የተቀጠረ ሰው ሲጠየቅ “ግድ የለም፣ ቤቴ ስገባ አደርሰዋለሁ” ይላል። አትቀበሉት። ከሳምንት በኋላ ድጋሚ ጠይቁት። ምድጃ የሚጠብቅልኝ አዛውንት፣ ሁላችንም ሐጂ የምንላቸው፣ መጀመሪያ “ግድ የለም ልጄ” ብለውኝ ነበር። በኋላ ሳስተውል ዙህርን፣ የቀትሩን ሰላት፣ ዱቄት መጋዘን ውስጥ፣ ከጆንያ ጀርባ፣ ማንም ሳያያቸው ይሰግዱ ነበር። ግንባራቸው ላይ የነበረውን ዱቄት እኔ የሥራ ምልክት አድርጌው ነበር።

ፕሮቴስታንቱ ልጅ ጸሎቱን በሰዓት አይቆጥርም፤ ሊጥ ሲያድቦለቡል ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እሑድ ጠዋትን ብቻ ጠየቀ፣ ያ በቂ ነው።

ሁለቱን ሰዓት አንድ ወረቀት ላይ አስቀምጡ

ወረቀት ላይ ስትጽፉት ደስ የሚያሰኝ ነገር ታያላችሁ።

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት በቀን ሰባት የጸሎት ጊዜ አለው፤ መሠረቱ “በቀን ሰባት ጊዜ አመሰግንሃለሁ” የሚለው የዳዊት ቃል ነው (መዝ. 118፡164)። እነሱም ነግህ (ጠዋት 12 ሰዓት)፣ ሠለስት (3 ሰዓት)፣ ቀትር (6 ሰዓት)፣ ተሰዓቱ (9 ሰዓት)፣ ሠርክ (11 ሰዓት)፣ ነዋም (ከመኝታ በፊት፣ ማታ 3 ሰዓት) እና መንፈቀ ሌሊት (6 ሰዓት) ናቸው። ቀትር ጌታ የተሰቀለበት፣ ተሰዓቱ ነፍሱን የሰጠበት ሰዓት ነው።

የእስልምናው አምስት ወቅት የሚቆጠረው በፀሐይ ስለሆነ በዓመቱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይላል። በድሬዳዋ ሰማይ ሱብሂ ከሌሊቱ 11 ሰዓት አካባቢ፣ ዙህር ከ6 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ፣ አስር 9 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ መግሪብ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጥቂት ቀደም ወይም አለፍ ብሎ፣ ኢሻ ከዚያ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይገባል። ትክክለኛውን ደቂቃ ከመስጊዱ የወቅት ሰሌዳ ገልብጡ፤ በየወሩ ያድሱታል።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን ተመልከቱ። ቀትርና ዙህር በስድስት ሰዓት ይገናኛሉ። ተሰዓቱና አስር ግማሽ ሰዓት ብቻ ይራራቃሉ። ሠርክና መግሪብም ምሽቱ ላይ በአንድ ሰዓት ገደማ ይራራቃሉ። በቀን ውስጥ ሥራውን ሦስት ጊዜ ብቻ፣ ለአጭር ጊዜ፣ ካቀዘቀዛችሁት የሁለቱንም ሃይማኖት አብዛኛውን የቀን ጸሎት አስተናገዳችሁ ማለት ነው። እኔ ይህን ያየሁት ሠላሳ ስምንት ዓመት ከኖርኩ በኋላ ነው፤ አዛንና ደወል አብረው እየሰማሁ አድጌ።

ወረቀቱ ላይ ሌላ ምልክት ጨምሩ፦ የትኛው ወቅት ሰፊ፣ የትኛው ጠባብ እንደሆነ። የዙህር ጊዜ አስር እስኪገባ ይቆያል፤ ስለዚህ ዳቦው ምድጃ ውስጥ ካለ ሰጋጁ ሩብ ሰዓት መጠበቅ ይችላል፣ ብዙውን ጊዜም ይጠብቃል። መግሪብ ግን ጠባብ ነው፤ እንደገባ ይሰገዳል። “አንድ ጊዜ ይቺን ትሪ አውጣና” የሚባለው ለዙህር እንጂ ለመግሪብ አይደለም። ይህን ልዩነት የማያውቅ አሠሪ፣ ሁሉንም እኩል ለማጥበቅ ሲል ወይም ሁሉንም እኩል ለመልቀቅ ሲል ይሳሳታል።

ሥራውን ቀጥሎ አስገቡ። የእኛ ሊጥ የሚቦካው 4 ሰዓት ላይ ነው፤ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ምድጃ ገብቶ 6 ሰዓት ሲሆን ወጥቷል። ሁለተኛው ሊጥ ከ7 ሰዓት በፊት አይነካም። ለድሬዳዋ ይህ መስዋዕትነት አይደለም፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ ፀሐዩም አያሠራም፣ ገዢም ከጥላ አይወጣም።

ቦታ አዘጋጁ

ሰፊ ክፍል አያስፈልግም። አንድ ሰው ተደፍቶ የሚሰግድበት፣ አጠገቡ ሌላ ሰው የሚቆምበት ንጹሕ ጥግ ይበቃል። ዋናው አቅጣጫው ነው።

ሙስሊም ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ ይዞራል። ከድሬዳዋም ከሐረርም መካ ያለችው በሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላ ነው። ኦርቶዶክስ ወደ ምሥራቅ ይቆማል። ሁለቱ አቅጣጫዎች አንዱ ለአንዱ ጎን ናቸው እንጂ ፊት ለፊት አይደሉም። ስለዚህ ሥዕለ አድኅኖ ካላችሁ በምሥራቁ ግድግዳ ላይ ስቀሉት፣ የሰሜኑን ግድግዳ ባዶ ተዉት። ለሰላት ፊት ለፊት ሥዕል መኖሩ አይወደድም፤ በዚህ አሰቃቀል የሰጋጁ ፊት ንጹሕ ይሆናል፣ የክርስቲያኑም ሥዕል ከቦታው አይነሣም። አንድ ምስማር በትክክለኛው ግድግዳ ላይ መምታት የስንት ዓመት ቅሬታ እንደሚያስቀር አትጠይቁኝ።

ሰሜንን ለማግኘት ስልክ አያስፈልግም። ድሬዳዋ ላይ ተራራው በደቡብ ነው፤ ጀርባችሁን ለተራራው ስጡና ቁሙ፣ ፊታችሁ ወደ ሰሜን ሆነ። የደቻቱ ወንዝም ጎርፍ ሲመጣ ከዚያው ከተራራው ወደ ሰሜን ነው የሚወርደው። እኛ ይህን ትተን በስልክ ኮምፓስ ለካን፤ ወጣቱ ሠራተኛ ስልኩን ይዞ ከብረት ምድጃው አጠገብ ቆመ፣ መርፌዋም የፈለገችውን አሳየች። ሐጂ ሦስት ቀን በተሳሳተ አቅጣጫ ሰገዱ። በአራተኛው ቀን ደጅ ወጥተው ተራራውን አዩ፣ ገብተው ምንጣፉን አዞሩ፣ ለማንም ምንም አልተናገሩም። ኮምፓስ የምትጠቀሙ ከሆነ ከብረት ራቁ።

ሐረር ጁገል ውስጥ ለምትሠሩ ይህ ክፍል ያን ያህል አያስጨንቅም። በግንቡ ውስጥ 82 መስጊዶች አሉ፤ የትም ብትቆሙ አንዱ ከሁለት መታጠፊያ አይርቅም። ሠራተኛው ወጥቶ በጀማዓ (በኅብረት) ሰግዶ ይመለሳል፤ እናንተ የምትይዙት የመውጫውንና የመመለሻውን ሰዓት ብቻ ነው።

አንድ ደንብ ብቻ በግድግዳው ላይ ጻፉ፦ የሚሰግድ ሰው ፊት አይታለፍም፣ ስሙም አይጠራም። ሰላት ላይ ያለ ሰው መልስ መስጠት አይችልም፤ “ሐጂ! ዱቄቱ የት ነው?” እያሉ ሦስት ጊዜ መጮህ እሳቸውንም ያስጨንቃል፣ ዱቄቱንም አያመጣም። ለዳዊት ደጋሚም እንዲሁ ነው። አዛን ሲሰማ ሬዲዮ ይዘጋል። ይህን አንድም ቀን ማስታወስ አልነበረብንም፤ የድሬ ሰው ሁሉ ከልጅነቱ ያውቀዋል።

ውኃ

በቧንቧ ላይ እምነት የለኝም። ለውዱእ የሚሆን አንድ ጀሪካን ሁልጊዜ ሞልቶ ይቀመጥ፣ ለሊጥ ከሚሆነው ውኃ ተለይቶ፣ ምልክት ተደርጎበት። አጠገቡ ጆግ፣ ዝቅ ያለ በርጩማ፣ ውኃው የሚወርድበት ቦይ ወይም ሳፋ አድርጉ። አሠራሩን ለማያውቅ አሠሪ፦ ሰጋጁ እጁን፣ አፉንና አፍንጫውን፣ ፊቱን፣ ክንዱን እስከ ክርኑ ያጥባል፣ ራሱን በእርጥብ እጁ ያብሳል፣ እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ያጥባል። ቆጥቦ ለሚጠቀም ሰው አንድ ሊትር ይበቃል፤ ውኃ ማባከን በሃይማኖቱም የሚነቀፍ ነው። ስለዚህ “ውኃ ጨረሳችሁ” የሚለው ወቀሳ ብዙ ጊዜ የእቃው ጥፋት ነው። በጀሪካን አፍ በቀጥታ ሲፈስ ግማሹ መሬት ይጠጣዋል፤ ጆግ ግዙ።

በርጩማውን አትርሱ። እግር ለመታጠብ አዛውንት በአንድ እግር ሲቆም ማየት ያሳቅቃል፤ ወለሉ ደግሞ እርጥብ ነው።

ርክክብ

የሥራ ቤት ውስጥ ሥራን የሚያበላሸው ጸሎቱ አይደለም፤ ርክክብ አለመኖሩ ነው። ሰው ሲወጣ ሥራውን ለማን እንደሰጠ ካልተናገረ ምድጃው ባለቤት አልባ ይሆናል።

እኛ ሰዎቹን ጥንድ ጥንድ አደረግን፤ እያንዳንዱ ጥንድ አንድ ሙስሊምና አንድ ክርስቲያን ነው። ሙስሊሞቹ አራት ስለሆኑ አንዱ ያለ ጥንድ ቀረ፤ የእሱ ጥንድ እኔ ነኝ፣ ማምለጫ የለኝም። የሚወጣው ሰው የሚናገረው ሁለት ነገር ነው፦ ምድጃ ውስጥ ያለው ስንት ደቂቃ እንደቀረው፣ ሊጡ የት እንደደረሰ። “ሁለተኛው ትሪ ሰባት ደቂቃ፣ ሊጡ ተሸፍኗል” ብሎ ይሄዳል። ተረካቢው ደግሞ “ያዝኩ” ይላል። “ያዝኩ” ካልተባለ መውጣት የለም። ይህች ቃል ስትለመድ ጠብ ግማሹ ያልቃል።

ደቂቃ አትቁጠሩ። አንድ ጊዜ በሌላ ሰው ቤት ውስጥ ሰላት የወሰደውን ጊዜ በደብተር ጽፎ ከደመወዝ የሚቆርጥ አሠሪ አይቻለሁ። ሲጋራ ለማጨስ ደጅ የሚወጣውን ግን አይጽፍም ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ይገድባል፤ በዚህ ውስጥ ዐሥር ዐሥር ደቂቃ ወዲህና ወዲያ ማድረግ በስምምነት የሚሆን ነገር ነው። በሰዓቱ የሚሰግድ ሰው ሊጡንም በሰዓቱ ያነሣል፤ ከሰባቱ ሰዎቼ ሳይቀሰቀሱ የሚነሡት ሱብሂ የሚሰግዱት ናቸው።

ዓርብ ግን ሌላ ነው። ጁምዓ በወንዶች ላይ ግዴታ ነው፣ በመስጊድ በጀማዓ ይሰገዳል፣ ኹጥባም (ስብከትም) አለው፤ መንገዱን ጨምሮ ከ6 እስከ 7 ሰዓት ተኩል ድረስ ሰውን አትጠብቁ። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የዓርብ ምሳ ዕረፍት ከ5፡30 እስከ 7፡30 መርዘሙም ለዚሁ ይመቻል። ስለዚህ ዓርብ ቀትር ላይ ምድጃው ባዶ ይሁን። እኛ የዓርቡን ሊጥ አንድ ሰዓት አስቀድመን እናቦካለን፣ 5 ሰዓት ላይ ዳቦው መደርደሪያ ላይ ነው፤ በዚያ ሰዓት የሚቀረው ሰው ይሸጣል እንጂ አይጋግርም።

ጁምዓ በሴቶች ላይ ግዴታ ስላልሆነ ሙስሊሟን ሠራተኛ “አንቺማ ትቆያለሽ” የማለት ፈተና ይመጣል። እኔም ብያለሁ፣ ዓይኗን አይቼ ተጸጸትኩ። ግዴታ አይደለም ማለት መሄድ አትፈልግም ማለት አይደለም፤ ወር በወር ተራ ይሁን።

ለእሑድ ዋጋው ይመለሳል። ክርስቲያኖቹ ቅዳሴ ሲያስቀድሱ ሙስሊሞቹ ከሌሊት ጀምረው ምድጃውን ይይዛሉ። ዓርብ የተበደሩትን እሑድ ይከፍላሉ፣ ማንም የማንም ባለ ዕዳ ሆኖ አያድርም።

የዓመቱን ወረቀት

የቀኑ ወረቀት ከተለመደ በኋላ የዓመቱን አዘጋጁ። ቋሚ ቀኖቹ ቀላል ናቸው፦ መስቀል መስከረም 17፣ ጥምቀት ጥር 11፣ ቁልቢ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19። ቁልቢ በመንግሥት ሥራ የሚዘጋበት በዓል አይደለም፤ በድሬዳዋና በሐረር ግን ሰው አይገኝም፣ ስለት ያለበት ሙስሊምም ይሄዳል። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ በቀይ ይጻፍ። የሙስሊም በዓላት በጨረቃ ስለሚቆጠሩ በየዓመቱ ዐሥራ አንድ ቀን ገደማ ቀድመው ይመጣሉ፤ በእርሳስ ጻፏቸው።

የሚከብደው ጾሙ ነው። በ2017 ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፣ ረመዳን የካቲት 22 ተከተለ። ለአንድ ወር ያህል በአንድ ምድጃ ዙሪያ ግማሹ ሰው ከሱሁር (ከጾም በፊት ከሚበላው የሌሊት ማዕድ) እስከ መግሪብ ውኃ አይቀምስም፣ ግማሹ እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምስም። ያውም የምድጃው ሙቀት በከተማው ሙቀት ላይ ተጨምሮ። በመጀመሪያው ሳምንት አንዱ ልጅ ራሱን ሳተ፣ ዱቄት ጆንያ ላይ ወደቀ፤ ነጭ በነጭ ሆኖ ሲነሣ ሁላችንም ከድንጋጤ በኋላ ሳቅን፣ እሱም ሳቀ። በማግስቱ ግን ሰዓቱን ሁሉ ቀየርነው።

እንዲህ አድርጉ። ዋናውን ጋገራ ወደ ሌሊት አምጡት፤ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ጀምሮ ሱሁር እስኪደርስ። ሙስሊሞቹ ሱሁራቸውን እዚያው በልተው፣ ሱብሂ ሰግደው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፣ ይተኛሉ። ቀን ላይ የሚሸጡትና የሚያድቦለቡሉት ክርስቲያኖቹ ናቸው፤ ምድጃ ግን ከ3 እስከ 9 ሰዓት አይነድም። ከዚያ 9 ሰዓት ላይ ክርስቲያኖቹ ቀመስ አድርገው ሁለተኛውን ጋገራ ይጀምራሉ፣ ምክንያቱም የረመዳን ገዢ የሚመጣው ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ በሩጫ ነው። ትኩስ ዳቦ ለማፍጠሪያ ያላደረሰ ዳቦ ቤት ለኢድ ደንበኛ የለውም። መግሪብ ሊገባ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሽያጩን የሚይዘው ክርስቲያን ይሁን፤ ሙስሊሙ ቴምሩን ይዞ ይቀመጥ።

በሊጥ በኩል፦ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ እርሾው ትንሽ ይጨመር፣ ለቀኑ ሊጥ ይቀነስ፣ የቀኑ ውኃ ከጥላ ሥር ካደረ ማሰሮ ይቀዳ። ይህ ከጸሎት ጋር ምን አገናኘው ለሚል፣ በኮመጠጠ ዳቦ ማፍጠር እንዴት እንደሚያናድድ ደንበኛዬን ይጠይቅ።

ምግብ

ዳቦ ቤት ስለሆንን ይህን አጥብቀን እንይዛለን። ረቡዕና ዓርብ፣ በጾም ወራትም ሁሉ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የገባበት ዳቦ በሌላ ትሪ ይጋገራል፤ ትሪው ጠርዙ ላይ በምስማር ተጭሯል። “ትንሽ ነው የነካው” የሚባል ነገር የለም፤ ጾመኛ ደንበኛ የሚያምነን በዚያች ጭረት ነው። የምንገዛው የዳቦ ስብ ውስጥ የአሳማ ስብ እንዳይኖር ጽሑፉን አንብቡ፤ ጽሑፉ የማይነበብ ከሆነ አትግዙ።

ሥጋ ላይ አትከራከሩ። የክርስቲያን ሥጋና የእስላም ሥጋ ተለይቶ ይታረዳል፣ ተለይቶ ይሠራል፣ ድስቱም ቢላዋውም ይለያል። በዚህ ከተማ ሰርግ የደገሰ ክርስቲያን ሁሉ ለሙስሊም እንግዶቹ ሙስሊም አራጅ ጠርቶ ለብቻ ያሳርዳል፣ ሙስሊሞቹ ራሳቸው ያበስሉታል። የሥራ ቤት ምሳም በዚያው ልክ ይሁን። እኛ ከብዙ ሙከራ በኋላ የቤቱን ምሳ የምስር ሳምቡሳና ፉል አድርገነዋል። ለጾመኛውም ለሙስሊሙም ይሆናል፣ ለፕሮቴስታንቱም፤ አንድ ድስት፣ አንድ ማዕድ። ሥጋ የሚያምረው ቤቱ ይብላ።

ለቅሶ ሲመጣ

ይህን ሁሉም ያውቀዋልና አላረዝመውም። ሙስሊም በሞተ ቀን ይቀበራል፣ ለማቀድ ጊዜ የለም። ስለዚህ በየወሩ መጀመሪያ “ድንገት ቢሆን ማን ይቀራል?” የሚለው አንድ ስም ተጽፎ ይቆይ። ስሙ የተጻፈው ሰው ቀባሪ ሆኖ ከወጣ ቤቱ ይዘጋ። ዳቦ አንድ ቀን ቢቀር ማንም አልሞተም።

በዚህ ሁሉ መካከል የምከለክለው አንድ ነገር አለ፤ በጋራ ጸሎት ማስገደድ። አንድ ጊዜ በበጎ ሐሳብ ጠዋት ጠዋት ሁላችንም ቆመን “ለሥራችን እንጸልይ” ብዬ ነበር። ሙስሊሞቹ በአክብሮት ቆሙ፣ ፕሮቴስታንቱ ጮክ ብሎ ጸለየ፣ እኔ አቡነ ዘበሰማያት አልኩ፣ ሐጂ ወለሉን ያዩ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሐጂ ሲገቡ ሆነ ብለው አምስት ደቂቃ ይዘገዩ ጀመር። ገባኝ፣ ተውኩት። የሃይማኖት ጥያቄ ሲነሣም አሠሪ ዳኛ አይሁን፤ ሙስሊሙ ሼኩን፣ ክርስቲያኑ የነፍስ አባቱን ይጠይቅ፣ እኛ የምናውቀው ሊጥ ነው።

ወረቀቱን ፈትሹት

በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ የድሮውን ወረቀት አውርዳችሁ አዲሱን ስትጽፉ፣ ከምንም በፊት የምትፈልጉት የሁለቱ እምነት ቀኖች የሚደራረቡበትን ነው። ታኅሣሥ 19 በ2016 እንደገና ዓርብ ዋለ። ያን ጊዜ ከሁለት ወር በፊት አይተነው ነበር። ሊጡ ሐሙስ ማታ ቦካ፣ ሌሊቱን ተጋገረ፤ ዓርብ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ምድጃው ጠፋ። ኦርቶዶክሱ ቁልቢ ነበር፣ ሙስሊሞቹ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ወጡ፣ ፕሮቴስታንቱ መደርደሪያው ጋር ቀረ፣ እኔ በሐጂ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሻይ ጠጣሁ። 7 ሰዓት ከሩብ ላይ ሐጂ ተመለሱ፣ የጠፋውን ምድጃ በእጃቸው ነክተው “ዛሬስ አልተቃጠልክም” አሉኝ።

የሚቀጥለው ዓርብ የሚውል ታኅሣሥ 19 በ2022 ነው። ወረቀቱ ጥግ ላይ ተጽፏል።